አንድ ኮምባይነር የምታወጣው ቀይ መኪና

ይህን የምጽፈው ባሌ የሚባለውን አገር ላላያችሁና ምናልባትም ለማታዩ የድሬ ሰዎች ነው። በተለይ ለቀፊራ ገበያ ጎረቤቶቼ። ከተመለስኩ ጀምሮ በየሱቁ እየቆምኩ ሳወራ ጉሮሮዬ ደረቀ። አሁን አንዴ ጽፌው ልረፍ፤ እናንተ እየተቀባበላችሁ አንብቡት።

እኔ የምሸጠው ጨርቅና ሽቶ ነው። ስለ መኪና የማውቀው መንገድ ስሻገር ከፊቱ ዘወር ማለትን ብቻ ነበር። በጥር ወር አንድ ቀን ታላቅ እህቴ ነፊሳ ከሮቤ ደወለች። ነፊሳ ባሌ ካገባች ሃያ አምስት ዓመት አልፏታል። ባሏ ሐጂ አማን የስንዴ ገበሬ ነው። ስንዴውን እያጨደ እዚያው የሚወቃ አንድ ትልቅ ኮምባይነር አለው። አዝመራ ሲደርስ የመንደሩን ማሳ ሁሉ የሚያጭደው እሱ ነው፤ ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ የሚማሩትም በዚሁ ኮምባይነር ነው።

«ዘሃራ፣ ሐጂ ኮምባይነሩን ሊሸጡት ነው» አለችኝ።

«ምነው? ታመመ እንዴ?»

«ደህና ናቸው። ቀይ መኪና ሊገዙ ነው። የስፖርት መኪና። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ደረቷ መሬት የሚነካ። ስልክ ላይ አይተዋት ነው። ገዢው እሁድ ይመጣል።»

«ዕድሜው ስንት ሆነ?»

«ስልሳ ሰባት። ከስግደት ሲነሱ እኔ ነኝ ክንዳቸውን የምይዘው።»

«ታዲያ ከዚያች መኪና ውስጥ ማን ጎትቶ ያወጣዋል?»

አልሳቀችም። ያኔ ነገሩ የምር መሆኑ ገባኝ። «አንቺን ይሰማሉ። ደግሞ ዋጋ ታውቂያለሽ። የየአገሩን ዋጋ አምጥተሽ ፊታቸው ዘርግፊውና ይደንግጡልኝ። ኮምባይነሩ ከሄደ እኛም አለቅን፣ መንደሩም አለቀ» አለችኝ።

አንድ ደብተር ገዛሁ። ዱባይ ላለው ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ፣ ጅቡቲ ዕቃ ለሚያስወጣልኝ ሰው ደወልኩ፣ ልጇ ጀርመን ያለችውን ደንበኛዬን ሽቶ ቀንሼላት ልጇን አስጠየቅኳት። የቀረውን ስልኬ ላይ እያየሁ ሞላሁት። አንዱ በዶላር ይነግረኛል፣ አንዱ በዩሮ፣ አንዱ በድርሃም። ሐጂ በዚህ ሁሉ እንዳይደናገር ብዬ ሁሉንም በኮምባይነር መነዘርኩት። የእሱ ኮምባይነር ቢሸጥ የሚያወጣውን «አንድ» አልኩና ሌላውን በዚያ ለካሁት። እንዲህ ሆነ፦ ያቺ መኪና አዲሷ ዱባይ አንድ ኮምባይነር ናት። አሜሪካ ያው አንድ ነው፤ ከሻጩ ጋር ከተከራከሩ ትንሽ ይወርዳል። ጀርመን ፋብሪካው ደጃቸው እያለ አንድ ከሩብ ይከፍላሉ። ዴንማርክ በቀረጥ ብዛት ሁለት ተኩል። ሲንጋፖር የሚሉት አገር ሦስት ተኩል! እዚያ መኪናዋን ብቻ ሳይሆን መኪና የመያዝ ፈቃዱንም ይገዛሉ አሉ፤ ወረቀቱ ከመኪና ይወደዳል። እኛ አገር ደግሞ ቀረጡ፣ ኤክሳይዙ፣ ሱር ታክሱ ሲደማመር አራት ኮምባይነር። ከዚያም በላይ ቤንዚን የሚጠጣ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ደብተሬን ዘጋሁና «ሐጂ አለቀለት» አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት በአውቶቡስ ከድሬ ተነሳን። ሚኤሶ ሳንደርስ ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት አንገታቸውን አስግገው ደብተሬን አንብበው ጨርሰው ነበር። «ልጄ፣ ይሄ ሲንጋፖር የሚባለው ከጅጅጋ ያልፋል?» ብለው ሲጠይቁኝ አውቶቡሱ ሁሉ ሰማ። አዋሽ ለምሳ ስንወርድ እኔ የመኪና አስመጪ ሆኜ ነበር። ሾፌሩ ጥብሱን እያላመጠ ጠራኝ።

«ስንት ሰው ትጭናለች?»

«ሁለት። ሾፌሩን ጨምሮ።»

«ሾፌሩን ጨምሮ?» ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። «እና አንድ ተሳፋሪ ይዞ ነው ናዝሬት የሚገባው? ያ ተሳፋሪ ስንት ቢከፍል ነው?»

አዳማ አደርን። ስለ አዳማ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሙቀቱ የእኛ ዓይነት ነው፣ አቧራውም ዘመድ ነው።

ረቡዕ ግን ሌላ ዓለም ገባሁ። ከአሰላ በኋላ አየሩ እንደ ማቀዝቀዣ በር ይከፈት ጀመር። እኔ የለበስኩት የድሬ ስስ ቀሚሴን ነው፤ ሹራቤ ደግሞ ሻንጣዬ ውስጥ፣ ሻንጣው መኪናው ጣሪያ ላይ። በቆጂ ስንደርስ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ከኋላዬ ያለች ሴት ሰማች፤ ምንም ሳትናገር ጋቢዋን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። «አንቺስ?» ስላት «እኔ የተወለድኩት በዚህ ብርድ ነው፣ ያውቀኛል» አለች። ዶዶላን፣ አዳባን አልፈን ዲንሾ አካባቢ ከርከሮዎች መንገድ ዳር ተንበርክከው ሣር ሲግጡ አየሁ። በጉልበታቸው! የሚጸልዩ ነው የሚመስሉት። ሁሉም ተሳፋሪ አጋዘን ሲያሳየኝ እኔ ከርከሮዎቹን እያየሁ አንገቴ ዞሮ ቀረ። ያቺ ሴት አዳባ ወርዳ ኖሯል፤ ጋቢዋ እኔው ላይ ቀረ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም። ይህን የምታነብ ካለች ጋቢሽ ድሬ ነው፣ ታጥቦ ተቀምጧል።

ሮቤ ስንገባ ፀሐይዋ ወደ መጥለቂያዋ ነበረች፤ ወደ ነፊሳ መንደር በዚያ ሰዓት የሚሄድ ጋሪ የለም ተባለ። አንዲት እማማ አስካለ የሚባሉ ሴት ፔንሲዮን ገባሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኛ ድሬዎች «አንቱ» ከምላሳችን አይወጣም፤ አያቱንም «አንተ» ብሎ የሚያድግ አገር ነው። «እማማ፣ ሌላ ብርድ ልብስ አለሽ?» ስላቸው እንግዳ መቀበያው ጸጥ አለ። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ከድሬዳዋ ነሽ?»

«በምን አወቅሽ?»

«ሌላ ማን ይደፍረኛል!» ብለው በሳቅ ፈረሱ። ሦስት ብርድ ልብስና ሙቅ ውሃ የተሞላ ጀሪካን አመጡልኝ፤ ጀሪካኑን እግሬ ሥር አድርጌ እንድተኛ። በድሬ ብርድ ልብስ የሚገዛው ለሙሽራ ዕቃ ማሳመሪያ ነው። እዚህ የሰው ነፍስ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ነፊሳ የላከችው ባለ ጋሪ መጣ። ቃሲም ይባላል፤ ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ከፈረሱ ጋር ሲነጋገር የሚውል ሰው ነው። በየመንገዱ የሚያገኘውን ሁሉ «ነጋ ጃ?» እያለ ደህንነቱን ሲጠይቅ ጋሪው አይቆምም፣ ሰላምታውም አይቆምም። ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ትንሽ ሄደን ወደ መንደሩ ታጠፍን። ወገኖቼ፣ ያ መንገድ! ግራና ቀኙ የታጨደ ስንዴ፣ እስከ ተራራው ሥር የተዘረጋ ወርቅ፤ መሐሉ ግን ድንጋይ። አንዱ ድንጋይማ መንገዱ መሐል ተኝቶ ጀርባውን አውጥቷል።

«እሱ ኮርማው ነው» አለ ቃሲም። «አያቶቻችንም ኮርማው ነበር የሚሉት። አይነሳም፣ አይገፋም፣ ዞረህ ታልፈዋለህ።»

ኮርማውን እየዞርን ሳለ ከፊታችን ሌላ ጋሪ መጣ። ቃሲም ወዲያው ከመንገድ ወጥቶ ቆመ፣ ወርዶም ኮፍያውን አነሳ። ጋሪው ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ጋደም ብላለች፤ ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ጋሪውን በትከሻቸው ደግፈው እንዳይናጥ ይዘው ይራመዳሉ። ከእግረኛም ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። «ጎባ ሆስፒታል ነው» አለኝ ቃሲም። «አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ ይጠብቃቸዋል። እዚህ ድረስ አይገባም፤ ሆዱን ይፈጀዋል።» ሴትየዋ ስታልፍ እጄን ያዝ አደረገችና ለቀቀችኝ። አላውቃትም፣ አታውቀኝም። እስከ ነፊሳ ቤት ዝም አልኩ፤ እኔን ለምታውቁ ይህ ብቻውን ዜና ነው።

ሐጂ አማን በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ረጅም ነው፤ ነጭ ጢሙ የተበጠረ፣ ኮፍያው ቀጥ ያለ። «አንቺ ዘሃራ! መጣሽ?» አለ።

«አንተ ሐጂ! አረጀህ እኮ!»

ነፊሳ ከኋላዬ ቆነጠጠችኝ፤ ባሌ ገብታ አንቱታ ተምራለች። ሐጂ ግን ሳቀ። «ተያት» አላት። «እናቴ ከሞተች ወዲህ "አንተ" የሚለኝ እሷ ብቻ ናት። ስትለኝ ወጣት እሆናለሁ።» ስለዚህ እዚህም «አለ» እያልኩ ስጽፍ ክብር ነስቼው እንዳይመስላችሁ፤ ባለቤቱ ፈቅዷል።

ምሳ ጩኮ ቀረበ፤ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በቅቤ የታሸ ነው። ከእርጎ ጋር ሁለት ጊዜ ከጎረስኩ በኋላ ድሬን ረሳሁ። እጃችንን ታጥበን ስንጨርስ ደብተሬን አወጣሁ። ነፊሳ ጥግ ቁጭ ብላ ከንፈሯን ነክሳለች።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ነጋዴ ነኝ፤ ነጋዴ ሁልጊዜ ከውድ ይጀምራል። ከአራት ኮምባይነር ጀመርኩ። «ያ አላህ!» አለ ሐጂ። ነፊሳ ተነፈሰች። «ሲንጋፖር ሦስት ተኩል» አልኩ፣ «ዴንማርክ ሁለት ተኩል፣ ጀርመን አንድ ከሩብ...» ዋጋው በወረደ ቁጥር የሐጂ ፊት እየበራ ሄደ። ዱባይ ስደርስ እጁን በእጁ መታ። «አንድ! ታዲያ ከአራት ወደ አንድ አወረድሽልኝ እኮ! ይህን ያህል ስትከራከሪ ዋልሽ?»

«ሐጂ፣ ዱባይ ነው አንድ፤ እዚህ አራት ነው።»

«እዚያው ገዝቼ እዚያው ላስቀምጣታ። እየሄድኩ ልንዳት።»

«ደግሞስ ተከልክሏል፣ ቤንዚን የሚጠጣ አይገባም!»

የሐጂ ትከሻው ወረደ። ነፊሳ ፈገግ አለች። በዚህ ብቆም ኖሮ ያን ቀን ተነስቼ ቤቴ እመለስ ነበር። ግን አፌ የነጋዴ አፍ ነው፤ ርካሽ ዕቃ እያወቀ መዋጥ አይችልም። «የኤሌክትሪኳ ግን ቀረጧ ትንሽ ነው» አልኩ። «ቻይና የምትሠራት ቀይ አለች። እዚህ ገብታ፣ ታርጋ ተለጥፎላት፣ አንድ ኮምባይነር። ልክ አንድ።»

ነፊሳ ያየችኝን አስተያየት ድሬ ድረስ ይዤው ሄጃለሁ።

«ልክ አንድ?» አለ ሐጂ።

«መብራት ይጠፋባችኋል እኮ!» ብዬ ጮህኩ፤ ዘግይቼ።

«ሲመጣ እሞላታለሁ፣ ሲጠፋ አጥባታለሁ» አለ ሐጂ አማን።

አርብ ሐጂ ለጁምዓ ጎባ ሲሄድ ይዞኝ ወጣ። ነፊሳ «ያበላሸሽውን አስተካክለሽ ተመለሺ» አለችኝ። ከአስፋልቱ በሚኒባስ ጎባ ገባን። ጎባ ሽማግሌ ከተማ ናት፤ ዛፎቿ ትልልቅ፣ ሰዎቿ ቀስ ባይ። እኛ ጋ ሻይ ቤት ውስጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወራል፤ እዚያ አንዱ ሲያወራ ሌላው ይሰማል። እንዴት ተደርጎ እንደሚኖር አላውቅም። ከጸሎት በኋላ ሐጂ የሚያውቀው ሰው በፒክአፑ ከጎባ በላይ ወዳለው ወደ ሳነቴ አምባ አወጣን። ስለ ሳነቴ የምነግራችሁ ይህን ብቻ ነው፦ ሰማዩ ዝቅ ብሏል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጆሮዬ የት እንዳለ በእጄ ነበር የማረጋግጠው። አንዲት ቀይ ቀበሮ ከፊታችን ቆማ አየችንና እንደ እሳት ተወርውራ ሄደች። ቱሪስት ከባሕር ማዶ የሚመጣው ለእሷ ነው አሉ።

«አየሻት?» አለ ሐጂ። «ቀለሟ እንደዚያ ነው የምፈልገው።»

ያኔ ነው ፊት ለፊት የጠየቅኩት። «አንተ ሐጂ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይቺን መኪና ምን ትሠራልሃለች?»

ሐጂ ብቻችንን መሆናችንን ዞሮ አየ። ሾፌሩ ሽንቱን ሊሸና ወርዶ ነበር።

«አባቴ ማን ይባል ነበር?» አለኝ።

«አባ ዳማ።»

«ስሙ እሱ አይደለም። ዳማ የፈረሱ ስም ነው። ከጎባ ሮቤ ሲጋልብ ሰው ሥራውን ትቶ ነበር የሚያየው። በፈረሱ ጠሩት፤ ሞቶም ይጠሩታል። አያቴም በፈረሱ ነበር የሚጠራው። እኔ ስደርስ ፈረሱ ቀረ፣ ትራክተር መጣ። አሁን እኔን ማን ይሉኛል? ሐጂ ይሉኛል። ሮቤ ገበያ ላይ "ሐጂ!" ብለሽ ብትጠሪ ሠላሳ ሰው ይዞራል።»

«ኮምባይነር አለህ አይደል?»

«በኮምባይነር ሰው አይጠራም፣ ዘሃራ። ኮምባይነር እንደ ላም ነው የሚሄደው።» ከዚያም «የሚጋልብ ነገር ያስፈልገኛል። ሳልሞት» አለ።

መሳቅ አልቻልኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣሁበትን ረሳሁና ከእሱ ጋር ወገንኩ። ግን ወዲያው የነፊሳ ከንፈር ትዝ አለኝ። ስንወርድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት።

«ኮምባይነርህ ማሳ ከመግባቱ በፊት ምን ታደርጋለህ?»

«በእግሬ እዞረዋለሁ። ድንጋይ ካለ አያለሁ። የማጨጃውን ከፍታ በዚያ ነው የምለካው፤ አለዚያ ጥርሱ ይረግፋል።»

«ለዚችኛዋስ መንገዱን ዞረሃል?»

እስከ ጎባ ድረስ በመስኮት መሬቱን ነበር የሚያየው።

ቅዳሜ በማለዳ መዶሻ ሰምቼ ነቃሁ። ሐጂ የቃሲምን ጋሪ ግቢው ውስጥ አስገብቶ ሥሩ ተኝቷል። «ደረቷ ከመሬት ስንት ነው?» ብሎ ጮኸ። ደብተሬን አየሁ፤ ግማሽ ስንዝር። እናም በጋሪው ሆድ ሥር ጣውላ በሁለት እንጨትና በሽቦ አሰረ፤ ከመሬት ልክ ግማሽ ስንዝር ከፍ አድርጎ። «ጣውላው አስፋልት ድረስ ከደረሰ መኪናዋም ትደርሳለች» አለ።

የመንደሩ ሰው ሥራ የፈታ ይመስል ተከተለን። ቃሲም ፈረሱን እየመራ፣ ሐጂ ከጎኑ እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ እኔ ደብተር ይዤ። ገና ከበሩ ሳንርቅ ጣውላው «ጓ!» አለ።

«መከላከያዋ ተሰበረ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ጓ!»

«አሁን ደግሞ ባትሪዋ!»

«ሐጂ፣ ይሄን ያህል ከተመታች ዋጋዋ አይቀንስም?» አለች አንዲት ሴት። ሁሉም ሳቀ። ሐጂ አልሳቀም፤ ጎንበስ እያለ እያንዳንዱን ድንጋይ ያይ ነበር። ኮርማው ጋ ስንደርስ ቃሲም ቆመ።

«እንዙረው?»

«መኪና በማሳ ውስጥ አይዞርም፣ ሂድ» አለ ሐጂ።

ጣውላው ኮርማው ላይ ወጣ፣ አቃሰተ፣ መሐሉን ለሁለት ተሰበረ። ፈረሱ ደንግጦ ሮጠ፤ ግማሹ ጣውላ ከኋላው እየተጎተተ ማሳ ውስጥ ገባ። ቃሲም ተከትሎት ሮጠ። ሰዉ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽም፤ ግን ሐጂን ሳየው ሳቄ ተቋረጠ። የተሰበረውን ጣውላ አንስቶ አቧራውን እየጠረገለት ነበር።

«ጣውላ ሾፌር የለውም» አለ በመጨረሻ። «ሾፌር ቢኖረው ያልፍ ነበር። ነገ ገዢው ሲመጣ ኮምባይነሩን እሰጠዋለሁ።» ነፊሳ ያን ቀን ምሳ ሳትበላ ዋለች።

እሁድ ገዢው የሚመጣበት ቀን ደረሰ። አቶ ደረጀ ይባላል፣ ከአሰላ፣ ደረቱ የሰፋ ጨዋ ሰው። ኮምባይነሩ ታጥቦ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ነፊሳ ከቤት አልወጣችም። ቀጠሮው አራት ሰዓት ነበር። አራት ተኩል ሆነ፣ አምስት ሆነ። ከዚያ ቃሲም እየሮጠ ገባ።

«ገዢው ኮርማው ላይ ነው!»

ስንደርስ አዲስ ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ድምፅ የሌላት፣ ኮርማው ላይ በሆዷ ተቀምጣለች። አራቱም ጎማዎች አየር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። አቶ ደረጀ ከጎኗ ቆሞ በስልክ ሊደውል ይሞክራል። «ሐጂ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ፤ «ሾፌር ነኝ፣ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ። ይሄን ድንጋይ ግን እንዴት እንደሚያልፉት አልገባኝም።»

ሐጂ ሳይናገር ነጭ ልብሱን ሰብስቦ መሬት ላይ በደረቱ ተኛ። ከስግደት ለመነሳት ክንድ የሚያስፈልገው ሰው! በመኪናዋ ሆድ ሥር እጁን ሰዶ ለካ።

«ዘሃራ፣ ይቺኛዋ ስንት ናት?»

«ከስንዝር ትንሽ ታንሳለች።»

«የእኔዋስ?»

«ግማሽ ስንዝር ነው አልኩህ እኮ።»

እዚያው ተኝቶ ቆየ። ከዚያ እጁን ዘረጋ፣ እኔና ቃሲም አነሳነው። «ኮምባይነሩን አምጡ» አለ። ነፊሳ ከቤት ወጥታ ኖሯል፤ ከሰዉ ኋላ ቆማ ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች፤ ሊያስረክበው መስሏት። ኮምባይነሩ እያጓራ መጣ። ሰንሰለት ታሰረ። የሚሸጠው ዕቃ ገዢውን ከነመኪናው አንስቶ ከኮርማው ላይ አወረደው። አቶ ደረጀ ተንበርክኮ የመኪናዋን ሆድ ካየ በኋላ ወደ ኮምባይነሩ ዞረ።

«ይሄ ጉልበት! ሐጂ፣ ዛሬውኑ እንዋዋል።»

«የሚሸጥ አይደለም» አለ ሐጂ።

«ምን?»

«ሥራ አለው። መንገዱ አልተለካም። እኔ ማሳ ሳልዞር ኮምባይነር አስገብቼ አላውቅም፤ ዘሃራ ትመስክር። መጀመሪያ መንገዱ፣ ከዚያ መኪናዋ።»

ሐጂ የዚያኑ ዕለት ሰንሰለቱን ከነጭዋ መኪና ፈቶ ኮርማው ላይ አሰረው። ዙሪያውን በዶማ ቆፈሩለት። ኮምባይነሩ ጎተተ፣ ሰንሰለቱ ተበጠሰ፣ ታሰረ፣ ተጎተተ። ኮርማው ሲነሳ ከመሬቱ የወጣው ድምፅ የበሬ ድምፅ ነበር ብል ማጋነኔን ታውቃላችሁ፤ ግን ይመስል ነበር። አቶ ደረጀ ቆሞ አጨበጨበ፣ ጩኮ በልቶ ሄደ። ነፊሳ ራሷ ናት እየሳቀች ያቀረበችለት። ለእኔ ድርሻዬን ሁለት እጥፍ ሰጠችኝ፤ ይቅር መባሌ ነው።

ሰኞ ወደ ድሬ ተነሳሁ። ሐጂ ሊሸኘኝ ሲወጣ ቃሲምና ስምንት የሚሆኑ ሰዎች መንገዱ ላይ ነበሩ፤ በደቦ ድንጋይ ይለቅማሉ። አዲስ ጣውላ ጋሪው ሥር ታስሯል። ጣውላው «ጓ» ባለበት ሁሉ ይቆማሉ፣ ይቆፍራሉ፣ ይሄዳሉ። እማማ አስካለ ጋ ለመሰናበት ጎራ ስል «እንግዲህ ተሸጠ ወይስ ተገዛ?» አሉኝ። «ምንም አልተሸጠም፣ ምንም አልተገዛም» አልኳቸው። «ታዲያ ምን ስትሠሪ ከረምሽ?» አሉ። እኔም እስካሁን መልሱን አላገኘሁትም።

ከተመለስኩ ሁለት ወር ሲሆነኝ ነፊሳ ደወለች። ጣውላው ከሐጂ በር እስከ አስፋልት አንዴም «ጓ» ሳይል ደርሷል አለች። ከዚያ ወዲህ ሚኒባስ እስከ ግቢያቸው ይገባል። ያቺ ነፍሰ ጡር ያኔውኑ በሰላም ተገላግላ ኖሯል፤ ልጇን ለክትባት ጎባ ያደረሰላት ሚኒባሱ ነው፣ ከሐጂ በር ላይ ተሳፍራ። ሐጂ ደግሞ ሮቤ መናኸሪያ ቆሞ ሳለ ረዳቱ ምን እያለ እንደሚጣራ ሰማ።

«ምን ይላል?» አልኩ።

«"አባ ዳንዲ! አባ ዳንዲ የሚሄድ!" ይላል። ፌርማታው የእኛ በር ነው።» ዳንዲ በኦሮምኛ መንገድ ማለት ነው። ነፊሳ ቀጠለች። «በቀን ስድስት ጊዜ ይጠሯቸዋል፣ ዘሃራ። የማያውቃቸው ሰው ሁሉ ይጠራቸዋል። ሐጂ ሮቤ ምንም ጉዳይ ሳይኖራቸው መናኸሪያ ይሄዳሉ።»

ከዚያ ስልኩን ቀማት። ኮርማውን በሩ ላይ አስቀምጦ መቀመጫ አድርጎታል፤ እሱ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያወራው።

«አንቺ ዘሃራ!»

«አንተ አባ ዳንዲ!»

አንዴ ድገሚው አለኝ፤ ደገምኩለት። ከዚያ ወደ ዋጋ ዞረ።

«ሲንጋፖር አሁን ስንት ገባ?»

«አራት ደርሷል።»

«ያ አላህ! ምስኪኖች» አለ። «መንገዳቸው ግን ጥሩ ነው አይደል?»